ለከማል ዓሦች የተመረጠ ጎረቤት

ይህ ታሪክ ለመነገር የሚበቃ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ ዓሣ ነው፤ እሱም በወንዝ ወይም በሐይቅ ስለሚኖር ትልቅ ዓሣ ሳይሆን፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ስለኖሩ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ነው። ሌላው ሰው ከባድ ከባድ ነገር በሚጽፍበት ጊዜ እኔ ውኃ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆንና የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ልጽፍ መነሣቴ ለራሴም ያሳፍረኛል። አንባቢ ግን ቢታገሠኝ ደስ ይለኛል፤ ከዓሦቹ ሌላ የምገባበት በር አላገኘሁም።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ትዕግሥት ከቤቷ ያመጣችውን የአበባ ቅርንጫፍ አፉ በተቆረጠ የውኃ ሃይላንድ ውስጥ ነክራ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ነበር። ፈተና ደረሰና ሁላችንም ረሳነው። ቅርንጫፉ ደረቀ፤ ውኃው ግን በጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ ወፍራም አረንጓዴ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን የማጽዳት ተራ የእኔ ስለነበር ወደ ቧንቧው ወስጄ ስዘቀዝቀው ሽታው ወጣ። እርጥብ ድንጋይ፣ የሰነበተ ቅጠል፣ ትንሽም ብረት ብረት የሚል ሽታ ነው፤ የሚያስጠላ አይደለም። ትዕግሥት ከኋላዬ መጥታ፣ «አንቺ ዘይነባ፣ ምነው ደርቀሽ ቀረሽ? ውኃ እኮ ነው የደፋሽው!» አለችኝ። ያ ሽታ ያደግሁበት ቤት ሽታ ነበር፤ እናቴ ልጇን የጠበቀችበት ዓመት ሽታ።

የአባቴ ሱቅ ብርድ ልብስ፣ አቡጀዲ፣ ሻርፕና ጃንጥላ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት ነበር፤ መኖሪያችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ወደ ሳሎን የሚገባ ሰው ሁሉ በብርድ ልብሶቹ መካከል ማለፍ ነበረበት። ታላቅ ወንድሜ ከማል በሱቁ ጥግ በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ይጠግን ነበር። አንድ ጊዜ ለስልክ ዕቃ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ የዓሣ መስታወት ይዞ መጣ። መስታወቱን በአባቴ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአውቶቡሱ ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ዓሦቹን አየር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ እንደያዘ፣ የዓባይ በረሃ ሙቀት እንዳይገድላቸው በእርጥብ ሻርፕ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ታቅፏቸው ነበር ያመጣቸው። ሁለት ወርቃማ ዓሦች ነበሩ፤ አንዷ እንደ ብርቱካን የቀላች፣ ሌላዋ ሆዷ ነጭ። ከእነሱ ጋር የብር መርፌ የሚመስሉ ትንንሽ ዓሦችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ወር ሳይሞላቸው አለቁ።

አባቴ መስታወቱን ባየ ጊዜ፣ «እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ውኃና ጨርቅን በአንድ ቤት ያኖረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ወንበሩን ከመንገዱ ወደ መስታወቱ አዞረ። ደንበኛ የብርድ ልብስ ዋጋ ሲጠይቀው፣ «አንዴ ቆየኝ፣ ቀይዋ ምግቧን ትጨርስ» ይል ጀመር። ከማል ይህን እያየ ይስቅበት ነበር። የከማል ሳቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

በጥቅምት ወር ከማል በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ወሰነ። አባቴ ለመነው፣ እናቴ አለቀሰች፤ እሱ ግን ልቡ አስቀድሞ ሄዷል። በወጣበት ጠዋት እናቴን በመስታወቱ ፊት አቁሞ ሥርዓቱን አስጠናት። በቀን አንድ ጊዜ፣ በጣት ጫፍ አንድ ቁንጣሪ፤ ከዚያ ካለፈ የተረፈው ይበሰብስና ውኃው ይበላሻል። «እማዬ፣ አደራ። ስመለስ በነፍሳቸው ነው የምረከብሽ» አላት። እናቴ፣ «አደራ ወላጅ ለልጅ ነበር የሚሰጠው፤ ዘመኑ ተገለበጠ» ብላ በዕንባዋ መካከል ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ያ አደራ ለእሷ ከሶላቷ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ሆነ። ዓሦቹ ደህና ከሆኑ ከማል ደህና ነው ብላ አመነች። ይህን በቃል የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

እስከ ጥር ድረስ ከማል ከጅቡቲ ይደውል ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ እየራቀ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «ቀይዋ እንዴት ናት?» ይላል። እናቴ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ለዓሦቹ አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር ድምፅ ታሰማው ነበር። የካቲት ላይ ስልኩ ቀረ።

እስከዚያ ጊዜ ሱቃችን የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰላምታው አስከትሎ፣ «ከማል ደወለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መጋቢት ላይ ጥያቄው ቆመ። አትጠይቁ ብሎ የዞረ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ዝናብ ሲያባራ መንገደኛ ሁሉ ጃንጥላውን እንደሚያጥፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዉት። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ሰው ከማልን የረሳው መስሎኝ አዝን ነበር።

አሁን የማውቀውን ልናገርና አንባቢን ግራ አላጋባ። ከማል ሞቶ ነበር። ባሕሩን ሳያይ፣ በረሃው መንገድ ላይ ታሞ ሞተ። አብሮት የሄደ አንድ ልጅ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለከማል የልብ ጓደኛ ለባጃጅ ነጂው ለጌትነት ደውሎ ነገረው። ጌትነት ደግሞ ለእድራችን ዳኛና ለመስጊዱ ኢማም ነገራቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመክሩ እናቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ወርዶባት፣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ የመጣ ጽንስ ነበር። በአገራችን ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። እስክትወልድ፣ ወልዳም አራስነቷን እስክትጨርስ ሰፈሩ አፉን እንዲዘጋ ተስማሙ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዳቦ ሻጭዋም ጫማ ጠጋኙም፣ ያን ሁሉ ወር እያወቁ በሱቃችን አለፉ።

አፍ ይዘጋል፤ እጅ ግን ዝም አይልም። በእኛ ዘንድ ኀዘን ወደ ደረሰበት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ነው የሚደርሰው። ወደ እኛ ቤት ግን ምግብ ይዞ መምጣት ምስጢሩን ማውጣት ነው። ስለዚህ ለዓሦቹ ያመጡላቸው ጀመር።

መጀመሪያ የጀመሩት እትዬ ጥሩዓለም ናቸው። አጠገባችን ዳቦ ይጋግሩ ነበር። በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይገቡና መስታወቱ ፊት ቆመው እየቆረሱ ይበትናሉ።

«እትዬ፣ ጠግበዋል እኮ! ከማል አንድ ቁንጣሪ ነው ያለው» እላቸዋለሁ።

«ተይኝ አንቺ ልጅ፣ እጄ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።»

«ውኃው ይበላሻል!»

«ይበላሽ የኔ ልጅ። ስንት ነገር ተበላሽቶ የለ?»

ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። ቆሎ የያዘ ቆሎ፣ ብስኩት የያዘ ብስኩት፤ ከጁምዓ ሶላት የሚመለሱት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከኪሳቸው የዳቦ ፍርፋሪ እያወጡ ይጥሉ ነበር። አንድ ነገር ያኔም አስተውዬ ነበር። ሲጥሉ ዓሦቹን አያዩም። በመስታወቱና በውኃው በኩል፣ ወዲያ ማዶ ብርድ ልብስ የምታጥፈውን እናቴን ነበር የሚያዩት። ውኃው ፊቷን እያወዛወዘ ያሳያቸዋል፤ ቀና ስትል ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ዓሣ ይመልሳሉ። እናቴ፣ «ሰዉ ዓሣ ወዳድ ሆነ» ብላ ትደሰት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ውኃው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ በመስታወቱ ጥግ ላይ እንደ ጥላ ያለ ነገር ታየ፤ ከዚያ ድንጋዮቹ ፀጉር አበቀሉ፤ የበጋው ፀሐይ በሱቁ በር እየገባ ሲያርፍበት ሽፋኑ ወፈረና ዓሦቹ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቀው ካልሆነ የማይታዩ ሆኑ። ሽታው ወደ ብርድ ልብሶቹ ገባ። እናቴ በየጠዋቱ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ በጨርቅ ትፈገፍገዋለች፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ጎንበስ ማለት አቃታት፤ የፈገፈገችውም በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። የሚያስፈራት ማየት አለመቻሏ ነበር። «ቀይዋ የት አለች? ዘይኑ፣ አየሻት?» ትለኛለች፤ አንገቴን አጣምሜ፣ አንዲት የብርቱካን ጥላ ስታልፍ እስካይ ጠብቄ፣ «አለች እማዬ» እላለሁ።

አረንጓዴውን የሚበላ ዓሣ እንዳለ ያወቅነው በጌትነት ስልክ ነው። ባጃጁን ሱቃችን ፊት አቁሞ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ፣ አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ዓሣ የሚያስረዱበትን ቪዲዮ እናይ ነበር። ጌትነት እንግሊዝኛውን ይተረጉማል፤ ሲያቅተው እጁን እንደ ዓሣ አድርጎ ያሳየናል። የተማርነው ነገር ብዙ ነበር። አረንጓዴውን የሚልሰው ዓሣ ሁሉ ከሌላው ጋር አይኖርም። ትልቁና ጥቁሩ ሞቃት ውኃ ይፈልጋል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ክረምት ላይ ሰውም በሁለት ብርድ ልብስ የሚያድርበት፣ መብራቱም የሚጠፋበት አገር ስለሆነ ማሞቂያ አይታመንም። ትንሹ ዝንጉርጉሩ ሰላማዊ ቢሆንም ስስ ነው፤ በትንሽ ነገር ይሞታል። ሌላ ቀጭን ወርቅማ ደግሞ አለ፤ ሕፃን ሳለ ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ ሲያድግ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ አረንጓዴውን ትቶ ዝግ ብለው በሚዋኙ ዓሦች ገላ ላይ ይጣበቃል። «ይሄኛውን እንዳያመጡ ጋሽ ሰይድ፤ የወርቃማ ዓሣ ጠላት ነው» አለ ጌትነት።

አባቴ ነገሩን ልጅ እንደሚድር ሰው ያዘው። «ጠባዩ? ቁመቱ የት ድረስ ነው? ብርድ ይችላል? ቁጡ ነው ዝምተኛ? ወገኖቹስ እንዴት ያሉ ናቸው?» እያለ ጌትነትን ያስጨንቀው ነበር። ማታ ማታ እራት ላይ ለእናቴ ይደግምላታል፤ እሷም ሆዷን ይዛ፣ «ለእኔ ስትመጣ ይህን ያህል አልተጠየቅህም» ትለዋለች። አባቴ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ አንድ ጥቅልል ጨርቅ ለመግዛት ብርሃን ላይ ሦስት ጊዜ የሚገለብጥ ሰው።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ በላስቲክ ውስጥ አንድ ቀጭን ወርቅማ ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ይዞ መጣ። ጌትነት አየው፤ አባቴንም አየው፤ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። አባቴ ግን በዕድሜው ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የዓሣ ሻጩን ቁመና፣ የሱቁን መብራት፣ የተባባሉትን ሁሉ አወራ። «ጋሼ፣ ይሄ በግ ነው፣ አፉን እንኳ ለመስታወት እንጂ ለሌላ አይከፍትም አለኝ» እያለ፣ ሳንጠይቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ እየደጋገመ አወራ። እናቴ ስትስቅ እሱም ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን እሷ ስታቆም ወዲያው ይቆማል።

ሰፈሩ አዲሱን ዓሣ «ሙሽራው» ብሎ ሰየመው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሽራው ስሙን አስከበረ። አፉን እንደ ማኅተም መስታወቱ ላይ አትሞ እየላሰ፣ ባለፈበት ሁሉ ጥርት ያለ መንገድ ይተዋል፤ በዚያ መንገድ ቀይዋና ነጭ ሆዷ ዓሣ ሲያልፉ እናቴ ታጨበጭብ ነበር። ግን ሙሽራ ገብቶ ዝም የሚባልበት አገር አይደለም። ሰው ሊያየው መጣ፤ የመጣውም ባዶ እጁን አልመጣም። እትዬ ጥሩዓለም፣ «እንግዳ ነው፣ ይቅመስ» ብለው ከሌላው ቀን የበለጠ ዳቦ አፈረፈሩለት። ሌላውም እንዲሁ። ሙሽራው ዳቦ ለመደ። ዳቦ የለመደ ዓሣ መስታወት አይልስም፤ ወፈረ፣ አረንጓዴው ተመለሰ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ሥር ተጋድሞ ይውል ጀመር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነጭ ሆዷን ዓሣ ከጎኗ ቅርፊቷ ተልጦ አየናት። እንዴት እንደሆነ ያወቅሁት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ስለጥፍ ነው። ሙሽራው ከድንጋዩ ሥር ወጣ፤ ቀስ ብሎ ተከተላት፤ ከዚያ አፉን ጎኗ ላይ አትሞ ተጣበቀባት። እሷ ዞረች፣ ተላጋች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ ወረደች፤ እሱ አልለቀቀም። ምንም ድምፅ የለውም። አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ሁለቱ እንደ አንድ እንስሳ ሆነው ሲዞሩ ይታየኝ ነበር፤ እስከዛሬም በሕልሜ የምሰማው ያን ድምፅ የለሽነት ነው።

በማግሥቱ ነጭ ሆዷ ተንሳፍፋ ተገኘች። እናቴ በመዳፏ አውጥታ ለረጅም ጊዜ ያዘቻት። እትዬ ጥሩዓለም ሮጠው መጡ፤ «መሬምዬ፣ ዓሣ እኮ ነው፣ ዓሣ ይሞታል» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እናቴ፣ «አደራው ጎደለ» አለች። ሌሊቱን ሆዷን አመማት፤ ሁላችንም ጽንሱ ሊወርድ ነው ብለን ፈራን፤ አላህ ይመስገን፣ ሲነጋ ተሻላት። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ «እኔ ነኝ፣ አላየሁትም፣ ምን እንደሰጠኝ አላየሁትም» ሲል ሰማሁት። ያ ጠንቃቃ ሰው ከሁሉ የከፋውን ለምን እንደመረጠ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሙሽራውን ጌትነት አጥምዶ አወጣውና የራሱ ገንዳ ላለው አንድ ባለ ሆቴል ሰጠው፤ ብቻውን እንዲኖር። ከዚያ ወንዙ ሳይሞላ ልድረስ ብሎ ጄሪካን ይዞ ወደ ጨሞጋ ወረደ። ልጆች ሆነው ከከማል ጋር ሲዋኙ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚልስ ትንሽ ቡናማ ዓሣ አይተው እንደነበር ትዝ ብሎት ነው። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ «ድንጋይ ላሺ» አልነው። መልክ የለውም፤ የጭቃ ቀለም ነው፤ አፉ ከአገጩ ሥር ነው። አባቴ በዚህኛው አልተቻኮለም። መጀመሪያ በሳፋ ውኃ ለብቻው አቆየው፤ ቀጥሎ በጎኑ ቀዳዳ ባበጀለት የላስቲክ ዕቃ ከትቶ መስታወቱ ውስጥ አስቀመጠው፤ እሱና ቀይዋ ዓሣ ሳይነካኩ እንዲተያዩ። ቀይዋ መጥታ አየችው፤ እሱ ጀርባውን ሰጣትና የላስቲኩን ግድግዳ ላሰ። «ይሄ ሥራ እንጂ ወሬ አያውቅም፣ ልቀቀው» አለች እናቴ። ለቀቀው። የጎጃም ክረምት ብርድ ለእሱ ምኑ ነው? ያደገበት ነው። ቀይዋን አንድም ቀን አልነካትም። ዳቦም ሲጥሉለት አይነሣም፤ ድንጋዩንና መስታወቱን ይዞ ይውላል። ግን አንድ ዓሣ የሰፈር ሁሉ ዳቦ ያበቀለውን ልሶ አይጨርስም፤ በስተምሥራቅ በኩል መዳፍ የሚያህል ጥርት ያለ ቦታ ብቻ ያቆይልን ነበር። እናቴ ክረምቱን በሙሉ በዚያ ቦታ ቀይዋን ስትጠብቅ ከረመች፤ አንዳንዴ ከእርሷ ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ዳቦ የያዘ ጎረቤት ቆሞ በዚያው ቀዳዳ እሷን ያያታል።

ነሐሴ ላይ እኅቴ ሰሚራ ተወለደች። አርባው ቀን አለፈ፤ እናቴ ወፈረች፣ ፊቷ በራ፤ ሕፃኗን ወደ መስታወቱ አስጠግታ፣ «ወንድምሽ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ይቺን ነው» ትላት ነበር።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ ጠዋት የሰሌን ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ፈጅር ተሰግዶ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። አባቴ ብርድ ልብሶቹን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ሱቁን ጠርጎ፣ ከእድር ቤት ያመጣውን የለቅሶ ሰሌን እያነጠፈ ነበር። እናቴ ሰሚራን ታቅፋ ከሳሎኑ በር ላይ ቆመች። ገና ማንም አልመጣም። ሰሌኑን አየችው። ከዚያ በሩ ተከፈተና ኢማሙ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እትዬ ጥሩዓለም፣ ከሁሉም በኋላ ጌትነት ገቡ። እናቴ ወደ እነሱ አልዞረችም።

«ሰይድ፣ አንተ መቼ ሰማህ?» አለችው።

«ግንቦት» አለ አባቴ፣ ሰሌኑ ላይ እንደተንበረከከ። «ለዓሣው የሄድኩ ቀን።»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ዝርዝሩን ከለቅሶው በኋላ አባቴ ነገረን። አንድ ደንበኛ ሳያውቅ ነገሩን አሾልኮበት፣ አባቴ ከማልን በእጁ የቀበረውን ያን የመንገድ ጓደኛውን ፈልጎ እውነቱን ከአፉ ሊሰማ ነበር አዲስ አበባ የሄደው። ከእኩለ ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሰማ። ወደ ዓሣ ሻጩ የገባው ከዚያ ወጥቶ ነው። ባዶ እጁን እንዳይመለስ፣ ሄጄበታለሁ ያለውን ነገር ይዞ እንዲገባ፣ ሻጩ የሰጠውን ተቀበለ። ያን ሁሉ ስለ ሻጩ ያወራው ወሬ የቀሩትን ሰዓታት መሸፈኛ ነበር።

እናቴ ሰሚራን ለእትዬ ጥሩዓለም ሰጠችና ያን ጊዜ ጮኸች።

ለቅሶው ላይ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ምግቡ አሁን በሰሃንና በሌማት፣ በግልጽ፣ ለእኛ መጣ። ወደ መስታወቱ የተጠጋ አንድም ሰው አልነበረም። ከለቅሶውም በኋላ እትዬ ጥሩዓለም በየጠዋቱ ይመጡና ከእናቴ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ዳቦውን ለእሷ ይቆርሱላታል። ለዓሦቹ የሚያፈረፍር ጠፋ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ውኃው ጠራ። አረንጓዴው ከመስታወቱ ለቀቀ፣ ከድንጋዮቹም ተላጠ፤ ያን ሁሉ ወር የለመንነው ጥራት ማንም በማያይበት ጊዜ መጣ። ቀይዋ ከዳር እስከ ዳር ትታይ ነበር።

ድንጋይ ላሺው ግን ከሳ። ጌትነት አንድ ቀን ጄሪካኑን ይዞ መጥቶ አቀርቅሮ፣ «እትዬ መሬም፣ ይህኛውን ልመልሰው፤ እዚህ የሚበላው አልቀረም» አለ።

«መልሰው» አለች እናቴ። «እሱ እንኳ ወደ ቤቱ ይግባ።»

አሁን እኔ ከማል ሲሄድ የነበረበት ዕድሜ ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ታላቅ ወንድምን በዕድሜ ማለፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሱቁ ዛሬም ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ አባቴ ግን ወንበሩን እንደገና ወደ መንገዱ አዙሮታል። እትዬ ጥሩዓለም ልጆቻቸው ጋ ሄደው ዳቦ ቤታቸው ስልክ መሸጫ ሆኗል። ሰሚራ አራተኛ ክፍል ናት፤ ለእሷ ከማል በግድግዳ ላይ ያለ ፎቶግራፍ ነው። እኔም ስለ እሱ እንድናገር ብጠየቅ በእርግጠኝነት የማስታውሰው ትከሻውን ብቻ ነው፤ ከዓሦቹ ሁሉ ግን የአንዳቸውም ቅርፊት አልጠፋኝም። ኀዘናችን ለምን እንዲህ እንዳከፋፈለብኝ አላውቅም። የማውቀው አንድ ሰፈር በሙሉ እናቴን እንዴት እንደወደዳት፣ ፍቅሩም ውኃውን እንዴት እንዳጨለመው ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰፈር ዛሬ የት እንደምፈልግ አላውቅም።

ቀይዋ ዓሣ በጠራው ውኃ ውስጥ ብቻዋን ጥቂት ኖረች። እናቴ በየቀኑ አንድ ቁንጣሪ ትሰጣት ነበር፤ ልማዷን የማትተው ሰው ናት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትጠብቅባት ግን አልጠየቅኋትም። አንድ ጠዋት በመስታወቱ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታ አገኘናት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁሉ የጽዮን ማርያምን በዓል ሊያከብሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን። እናቴ አላለቀሰችም። አባቴን፣ «ድፋው፤ በቃኝ» አለችው። እሱና እኔ ውኃውን በባልዲ እየቀዳን ከደጃችን ፊት ለፊት ያለው አቧራ ላይ ደፋነው፤ አቧራው ጠጣው። ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነበር።